ያስለቀሰሽ ድራም ኮር ለምን ስድስተኛ ወጣ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሙዚቃ ተምሬ አላውቅም። ባለፈው ነሐሴ ጓደኛዬ ወንድሟ የሚወዳደርበትን የድራም ኮር ፍጻሜ እንይ ብላ ኢንዲያናፖሊስ ይዛኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል። ማታ ማታ ቪዲዮ ሳይ ነው የማመሸው። ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ቁጭ ብዬ ያለቀስኩበት ቡድን ስድስተኛ ወጣ። ያን ያህልም ያልነካኝ አሸነፈ። ዳኞቹ የሚያዩት ምንድን ነው? ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ የፖሊስ ማርሽ ባንድ በሰፈራችን ሲያልፍ እየሮጥኩ እከተል ነበር፤ ይሄኛው ከዚያ በምን ይለያል? ለሚመጣው ሰመርስ የት ሄጄ፣ ምን ልይ ይላሉ?»

መልስ፦ እህቴ፣ መልእክትሽ በጣም አስደስቶኛል። እኔ የከበሮ አስተማሪ ነኝ። የሃይስኩል ልጆችን ለማርሽ ባንድ አሠለጥናለሁ፤ ሰመር ሲመጣ ደግሞ ድራም ኮር፣ ማለትም ሜዳ ላይ እየተንቀሳቀሰ ነሐስና ከበሮ የሚጫወት የወጣቶች ቡድን፣ ካለበት አልጠፋም። ከነጥቡ ልጀምር፤ ያንገበገበሽ እሱ ነውና።

ድራም ኮር ኢንተርናሽናል፣ በአጭሩ ዲሲአይ፣ የሚያዘጋጀው ውድድር የሚዳኘው ከመቶ ነው። አርባው ነጥብ ትርኢቱ እንዳለ ሲታይ ተመልካቹን ምን ያህል ይዞታል ለሚለው ነው። ሠላሳው ለሚታየው ነው፤ ለአሰላለፉ፣ ለእርምጃው፣ ለሰውነት አያያዙ፣ ባንዲራና የእንጨት ጠመንጃ እየወረወረ ለሚቀልበው ከለር ጋርድ። ቀሪው ሠላሳ የሙዚቃው ነው። ዳኞቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው አይቀመጡም። ከፊሎቹ ከስታዲየሙ አናት ላይ ሆነው ሁሉንም ባንድ ላይ ያያሉ። ከፊሎቹ ወደ ሜዳው ቀርበው የአንዱን ልጅ እጅ፣ የሌላውን እግር ይከታተላሉ። ሁሉም እያዩ ይናገራሉ። የተናገሩት ተቀድቶ ለአሠልጣኞቹ ይሰጣል።

እያንዳንዱ ዳኛ ሁለት ነገር ይመዝናል። አንዱ ለልጆቹ የተሰጣቸው ሥራ ነው። ምን ያህል ከባድ ነው? ምን ያህልስ ታስቦበታል? ሌላው አፈጻጸሙ ነው። የተሰጣቸውን ምን ያህል ተወጡት? አንቺን ያስለቀሰሽ ቡድን ምናልባት ዜማው አንጀት የሚበላ፣ ታሪኩም ግልጽ ነበር። ያ ከአርባው ላይ ጥሩ ነጥብ ያመጣል። ግን ትራምፔቶቹ እየሮጡ ሲነፉ ድምፃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ሰያፉ መስመር ከተጣመመ፣ ከበሮዎቹ ከተበታተኑ፣ ከሌላው ስድሳ ላይ በትንሽ በትንሹ ይቀነሳል። አንዱ ዳኛ ሦስት ዐሥረኛ፣ ሌላው አራት ዐሥረኛ። ላይ ያሉት ቡድኖች በጣም ስለሚቀራረቡ ያቺ ትንሿ ናት ሁለተኛን አምስተኛ፣ ሦስተኛን ስድስተኛ የምታደርገው።

ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ላሳይሽ። በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ፍጻሜው ብሉሚንግተን፣ ኢንዲያና ላይ ነበር። የሮክፎርዱ ፋንተም ሬጅመንት የስፓርታከስን ታሪክ ይዞ ቀረበ። 98.125 አገኘ። የካሊፎርኒያው ብሉ ዴቪልስ 98.100 አገኘ። ሰመሩን ሙሉ የተለፋበት ዋንጫ በ0.025 ተወሰነ። ከዚያ በፊት በ1996፣ በ1999 እና በ2000 ደግሞ ጭራሽ እኩል ወጥተው ሁለት ሁለት ቡድን አንደኛ ተብሏል።

«ያን ያህልም ያልነካኝ አሸነፈ» ላልሽው አንድ ነገር ልበልሽ። ከባድ ነገር በንጽሕና ሲሠራ ቀላል ይመስላል። ይህ ብዙ አዲስ ደጋፊዎችን ያሳስታል። ብሉ ዴቪልስን ተመልከቺ። 21 ጊዜ አሸንፏል። በ2014 ያገኘው 99.650 እስከ ዛሬ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነው። እንዲያም ሆኖ «አይነኩኝም፣ ቀዝቃዛ ናቸው» የሚል ደጋፊ ሞልቷል። እኔ በዚህ አልስማማም። ልጆቹ ያንን ሁሉ ውስብስብ ነገር ሲሠሩ ድካማቸው ስለማይታይ ነው። አንዴ አንዱን ልጅ ብቻ መርጠሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከተይው። የቱ ጋር እንደሚሮጥ፣ የቱ ጋር ወደ ኋላ እየሄደ እንደሚነፋ፣ የቱ ጋር መሣሪያውን እንደያዘ እንደሚደንስ እይ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ አስተያየትሽ ይቀየራል።

ድሮ ዳኝነቱ ሌላ ነበር። እስከ 1983 ድረስ ዳኞቹ ስህተት ይለቅሙ ነበር። አንድ ከበሮ ቀደመ፣ አንድ እግር ሳተ፣ አንድ ዐሥረኛ ይቀነሳል። ያኔ የሚያዋጣው ቀላል ጽፎ በጥራት መጫወት ነበር። በ1984 ዘዴው ተገልብጦ ዳኛው ስላየው መልካም ነገር ነጥብ መስጠት ጀመረ። አሠልጣኞቹ ከዚያ በኋላ ነው እጃቸው የተፈታው። ዛሬ የምታይው ሩጫ፣ ዳንስ፣ መገለባበጥ ሁሉ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እኔ ድራም ኮርን የምወደው ለዚህ ነው።

ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፈጣን ይመስላል። ሜዳው ላይ ግን ቀርፋፋ ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ አይተሻል። ከአንዱ የ20 ያርድ መስመር እስከ ማዶው የ20 ያርድ መስመር 55 ሜትር ያህል ነው። አንድ ትራምፔት ነፊ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ማዶ ቢቆሙ የአንዱ ድምፅ ሌላው ጋ የሚደርሰው ከሴኮንድ 16 መቶኛ ያህል ዘግይቶ ነው። አሁን ሙዚቃው በደቂቃ 180 ምት ይሮጣል እንበል። በዚያ ፍጥነት አንዱ ምት ለአራት ሲከፈል እያንዳንዷ ኖታ የሴኮንድ 8 መቶኛ ናት። ማዶ ያለውን ጓደኛውን ሰምቶ አብሮ ልጫወት ያለ ልጅ ሁለት ሙሉ ኖታ ዘግይቷል ማለት ነው። ሁለቱም እንደዚያ ካደረጉ አለቀ፣ ሙዚቃው ይፈርሳል።

ታዲያ ከ150 በላይ ልጆች በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ተበትነው እንዴት አንድ ላይ ይሰማሉ? ምሥጢሩ አቅጣጫው ነው። አንቺ የተቀመጥሽው ከፊት ነው። ድምፁ ሁሉ ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሰዓቱን የሚይዘው ከኋላ ያለው ነው። ብዙ ጊዜ ከኋላ ስኔር የሚባሉት ደረቅ ድምፅ ያላቸው ከበሮዎች አሉ። ከእነሱ ፊት ያሉት ነፊዎች ከጀርባቸው የመጣውን ሰምተው ከእሱ ጋር ይጫወታሉ። የከበሮው ድምፅና የእነሱ ድምፅ አብረው ወደ ፊት ይጓዛሉ። ሜዳው ፊት ጠርዝ ላይ ማሪምባና ቲምፓኒ፣ ማለትም በመምቻ የሚመታ የእንጨት መሣሪያና ትልልቅ ከበሮ፣ የሚመቱት ደግሞ ከሁሉ በኋላ ገብተው ሁሉም አንድ ላይ ጆሮሽ ጋ ይደርሳል። ሜዳው መሃል የቆመ ሰው ቢሰማው የተበታተነ ነው። ለአንቺ ግን አንድ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ልጆቹ አይቆሙም። ስኔሮቹ አሁን ከኋላ ናቸው፤ ከሃያ ሴኮንድ በኋላ በግራ በኩል፤ ከዚያ ከሁሉ ፊት። ወደ ጎን ሲበተኑ ጆሮ አያዋጣም፣ ዓይን ነው የሚያዋጣው። ብርሃን አይዘገይምና ሁሉም ድራም ሜጀሩን፣ ማለትም መድረኩ ላይ ቆሞ እጁን የሚያወናጭፈውን ልጅ፣ ያያሉ። ስለዚህ አንድ የ18 ዓመት ነፊ እየሮጠ፣ እየነፋ፣ «እዚህ ቦታ ላይ ሰማለሁ፣ እዚያ ቦታ ላይ አያለሁ፣ ቀጥሎ ለስምንት እርምጃ እንደገና ሰማለሁ» የሚለውን በቃሉ ይዞ ነው የሚንቀሳቀሰው። እርምጃውም ተለክቷል። መደበኛው ስምንት እርምጃ በአምስት ያርድ ነው። አንዷ እርምጃ 57 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። በትርኢቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ማቆሚያ ለእያንዳንዱ ልጅ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጠዋል፤ ያን ሁሉ ይሸመድዳል።

ልምምድ የማየት ዕድል ካገኘሽ አንድ ነገር ፈልጊ። ሰዓት የሚቆጥረው ሜትሮኖም ከትልቅ ስፒከር ጋር ተገናኝቶ ሜዳው ኋላ ላይ ይቀመጣል፤ ከከበሮዎቹም ጀርባ። አዲስ ሰው ሲያየው ለምን ከፊት አላደረጉትም ይላል። አሁን አንቺ መልሱን ታውቂያለሽ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ነጥቡን ለመገመት አትቸኩይ። ልጆቹ በጣም ተበታትነው፣ ፈጣን ነገር ሲጫወቱ ዓይንሽን ጨፍኚ። ድምፁ ጥርት ብሎ፣ አንድ ሰው የሚጫወት መስሎ ከመጣ አንደኛ ደረጃ ቡድን ነው ያለው። ጫፍ ጫፉ ከተበታተነ፣ «ትራ» መባል ያለበት «ትራራ» ከሆነ፣ ዳኛውም ያንን ሰምቷል። ምናልባት ስድስተኛው ቡድንሽ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ከበሮዎቹን ለብቻ ላንሳቸው፤ ሙያዬም ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ቡድኖቹ ስታዲየሙ አጠገብ ፓርኪንግ ውስጥ ይሟሟቃሉ። ደጋፊዎች «ሎት» የሚሉት እሱን ነው። ለብዙዎቻችን ከራሱ ከትርኢቱ እኩል ይወደዳል። ስኔሮቹ ግማሽ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። መሃል ላይ ያለው ልጅ መሪ ነው። የስቲኩን ጫፍ ከበሮው ጠርዝ ላይ ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ ያደርጋል። የቀሩት በአፋቸው «ደት፣ ደት» እያሉ ይይዙታል። ከዚያ በቀኝ እጅ ስምንት፣ በግራ እጅ ስምንት። ሌላ ምንም የለም። በዓለም ላይ ካለው የከበሮ ልምምድ ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው። ግን ስቲኮቹን እይ። ሁሉም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይወጣል፤ እኩል ይወርዳል። ቀስ ብለው ሲመቱ ከሦስት ኢንች አያልፍም። አንዱ ልጅ ለግማሽ ኢንች ከፍ ቢያደርግ ወዲያው ትለይዋለሽ። የከበሮው ፊት የተሠራው ከኬቭላር ነው፤ ጥይት የማያልፈው ልብስ ከሚሠራበት ክር። በጣም ስለሚወጠር ድምፁ ደረቅና አጭር ነው፤ ምንም ነገር አይሸፍንም። ዘጠኝ ልጆች አንድ ምት ሲመቱ አንድ ነጠላ ድምፅ ብቻ ስትሰሚ ቆዳሽ ይነዝራል። እኔ ዛሬም ይነዝረኛል።

ባስ ከበሮዎቹን ደግሞ ልብ በይ። አምስት ናቸው፤ መጠናቸው ይለያያል፤ እያንዳንዱ አንድ ቃና ብቻ አለው። ፈጣን ዜማ ሲመጣ ለአምስቱ ይከፋፈላል። አንደኛው ልጅ አንድ ኖታ፣ ሁለተኛው አንድ ኖታ፣ እንዲያ እያለ ይወርዳል። ማንም ብቻውን ዜማ የለውም። የእኛን እምቢልታ ነፊዎች አይተሽ ከሆነ ነገሩ ወዲያው ይገባሻል፤ እነሱም ለየራሳቸው የደረሳቸውን ቃና እየሰጡ ነው ዜማውን አብረው የሚሠሩት። ባስ ከበሮ ላይ የሚለየው ፍጥነቱ ነው። የራስሽን አንዷን ኖታ ከጎረቤትሽ ኖታ በኋላ በሴኮንድ 8 መቶኛ ማስገባት አለብሽ። ጥሩ ባስ ላይን ስትሰሚ አንድ ሰው አምስት ከበሮ ይዞ የሚመታ ነው የሚመስልሽ።

ሎት ላይ ስትሄጂ ሥነ ሥርዓቱን ያዥ። ግማሽ ክቡ ውስጥ አትግቢ። ስልክሽን ልጆቹ ፊት ላይ አትደግኚ። ወደ ስታዲየሙ መሄድ ሲጀምሩ መንገድ ልቀቂ፤ ያኔ ከማንም ጋር አያወሩም፤ ጭንቅላታቸው ሌላ ቦታ ነው።

አሁን ስለ ፖሊስ ማርሽ ባንዱ። ማርሽ ባንድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የነሐስ ባንድ አግኝተው አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የ«ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ»ን ዜማ የደረሰ ሰው ነው። በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ሲመጡ ስንቱ ሙዚቀኛ ትራምፔትና ሳክስፎን ያነሣው ለመጀመሪያ ጊዜ እነሱ ቤት ነው። ስለዚህ በልጅነትሽ የተከተልሽው ባንድ ትልቅ ታሪክ ያለው ነው።

ከድራም ኮር ጋር ያለው የመሣሪያ ልዩነት ቀላል ነው። የፖሊሱ ባንድ ክላርኔትና ሳክስፎን አለው። ድራም ኮር የለውም። ነሐስና ከበሮ ብቻ ነው፤ ከለር ጋርድ ይጨመርበታል። ይህ የሆነው ከአመጣጡ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት፣ አሜሪካን ሊጅንና ቪኤፍደብሊው የሚባሉት፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ነበራቸው። ከጦርነቱ የተረፈ ቡግልና ከበሮ ደግሞ በርካሽ ይገኝ ነበር። ቡግል ቁልፍ የሌለው የወታደር መለከት ነው። ለሰፈሩ ልጆች አደሏቸው። አብያተ ክርስቲያናትና ስካውቶችም ተከተሉ። ልጆቹ በበዓላት ቀን ጎዳና ላይ ይሰለፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ይወዳደራሉ። ሰልፉና ውድድሩ የአንድ ቀን ሁለት ክፍል ነበሩ።

ለረጅም ጊዜ ደንቡን የሚያወጡት የወታደሮቹ ማኅበራት ነበሩ። አሠልጣኞቹ ግን ስለ ሙዚቃውም ስለ ገንዘቡም የራሳችን ድምፅ ይኑረን አሉ። በ1971 ዲሲአይን መሠረቱ። የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1972 ኋይትወተር፣ ዊስኮንሲን ተደረገ፤ አናሃይም ኪንግስሜን አሸነፈ። ከመሥራቾቹ መካከል የዋዮሚንጉ ትሩፐርስ፣ የካሊፎርኒያው ሳንታ ክላራ ቫንጋርድና የቺካጎው ካቫሊየርስ መሪዎች ነበሩ። ሦስቱም ስሞች ዛሬም አሉ። ከ2009 ወዲህ ፍጻሜው አንቺ ያየሽበት ሉካስ ኦይል ስታዲየም ውስጥ ነው።

ከዚያ ለውጡ ቀጠለ። ሜዳ ላይ የነበረው የጂ ቃና ቡግል ቀስ በቀስ ቁልፍ ተጨመረለት፤ በ1990 ሦስት ሆነ። በ2000 በየትኛውም ቃና የተሠራ የነሐስ መሣሪያ ተፈቀደ። በ2004 ማይክራፎን ገባ፤ በ2009 ሲንተሳይዘር። የድሮ ደጋፊዎች በዚህ ዛሬም ይሟገታሉ። የእኔን አቋም ከጠየቅሽኝ፣ ማይክራፎኑን እደግፋለሁ። ከዚያ በፊት የማሪምባ ልጆች ድምፃቸው እንዲሰማ በጠንካራ መምቻ እንጨቱን ይቀጠቅጡት ነበር፤ አሁን መሣሪያው በተፈጥሮ ድምፁ ይሰማል። ሲንተሳይዘሩ ላይ ግን ቅር ይለኛል። አንዳንድ ቡድን ከስፒከር የሚወጣ ወፍራም ባስ ከቱባዎቹ በላይ ይለቃል። ሃያ ልጅ ሳንባውን ሰጥቶ የሚያወጣውን ድምፅ በኤሌክትሪክ መሸፈን አግባብ አይመስለኝም። ያን ማስተካከል የሚያውቁ ቡድኖችን ሳገኝ ቆሜ ነው የማጨበጭበው።

የጎዳናው ሰልፍ ግን ራሱን የቻለ ነገር ነው። ብዙ የውድድር ደጋፊዎች ይንቁታል፤ እኔ አልንቀውም። ሜዳ ላይ አንቺ ቁጭ ብለሽ ነው ሁሉም የሚቀርብልሽ። ጎዳና ላይ ድምፁ ከሩቅ ይመጣል፣ ይደርሳል፣ ደረትሽን ይመታል፣ ያልፋል። ከበሮው መጀመሪያ ነው የሚሰማው። በዜማና በዜማ መካከል ከበሮዎቹ ብቻቸውን የሚመቱት እግር እንዳይስት ነው። ከዚያ ድራም ሜጀሩ ምልክት ይሰጣል፣ ከበሮዎቹ ጥቅል ምት ይመታሉ፣ በዚያች ቅጽበት ነፊዎቹ ሁሉ መሣሪያቸውን ባንድ ጊዜ ወደ አፋቸው ያነሣሉ። ያቺን ቅጽበት ጠብቂያት። የፖሊሱ ባንድም ያደርጋት ነበር፤ ትዝ ይልሽ ይሆናል። ሰልፍ ላይ ሌላ ማየት ያለብሽ መታጠፊያው ነው። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው ልጅ እዚያው ቦታው ላይ ሊረግጥ ምንም አይቀረው፤ በውጭ በኩል ያለው እርምጃውን እጥፍ ያረዝማል። ረድፉ ቀጥ ብሎ ከዞረ ጥሩ ሥልጠና ያገኘ ቡድን ነው። ካሜራ ይዘሽ መቆም ያለብሽ ማዕዘኑ ላይ ነው፤ ቀጥታ መንገድ ላይ ሁሉም ያምራል።

ስለ ልጆቹ ትንሽ ልንገርሽ፤ ደጋፊነትሽን ያጠነክረዋል። ዕድሜያቸው እስከ 21 ነው፤ ከዚያ በኋላ መወዳደር አይቻልም። የመግቢያ ፈተናው የሚጀምረው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ግንቦት ሲያልቅ አንድ ቦታ ተሰብስበው ከጠዋት እስከ ማታ ይለማመዳሉ። ከዚያ ጉዞ ነው። ማታ ያሳያሉ፤ ሌሊቱን አውቶቡስ ውስጥ ይተኛሉ፤ ጎሕ ሲቀድ የሆነ ከተማ ትምህርት ቤት ጂም ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተው እንቅልፋቸውን ይቀጥላሉ፤ ተነሥተው በጠራራ ፀሐይ ይለማመዳሉ። ምግባቸው እንደ ወጥ ቤት ከተሠራ ከባድ መኪና ነው የሚወጣው። ለዚህ ሁሉ ደመወዝ የላቸውም፤ እንዲያውም እነሱ ናቸው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚከፍሉት። ብዙው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ለምኖ፣ ከዘመድ አዋጥቶ ነው የሚመጣው። ፍጻሜው ምሽት ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ያየሻቸው 21 የሞላቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ላይ አይመለሱም።

ደጋፊም እንደዚያው ይታገሣል። ቦስተን ክሩሴደርስ የተመሠረተው በ1940 ነው። የዲሲአይን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣው በ2025 ነው። አያቱ የደገፈውን የልጅ ልጁ ሲያሸንፍ ያየ ቤተሰብ አለ። ስድስተኛ የወጣ ቡድንሽን አትልቀቂ።

ለሚመጣው ሰመር የምመክርሽ ይህን ነው። አንድን ቡድን ሁለት ጊዜ እይ፤ በሰኔ መጨረሻ አንዴ፣ በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ መጀመሪያ አንዴ። ትርኢቱ መጀመሪያ ላይ አያልቅም። መጨረሻው ገና ያልተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ አልባሳቱም ይጎድላል። አሠልጣኞቹ በየሳምንቱ ይቀይሩታል። በሰኔ ሰባዎቹ ውስጥ የነበረ ጥሩ ቡድን ነሐሴ ላይ ዘጠናዎቹ ውስጥ ይገባል። በመሃል የተሠራውን ሥራ ያየ ሰው ነው ውድድሩ የገባው። በየውድድሩ ማግስት ነጥቡ በዝርዝር ይወጣል። የቡድንሽን አጠቃላይ ድምር ብቻ አትይ። ነሐሱ ስንት፣ ከበሮው ስንት፣ ከለር ጋርዱ ስንት አገኘ የሚለውን ፈልጊ። ስድስተኛ የወጣ ቡድን በአንዱ ዘርፍ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሆኖ ብታገኚው አይግረምሽ።

ከአሌክሳንድሪያ መኪና ይዘሽ የምትደርሽበት ጥሩ ቦታ አለንታውን፣ ፔንሲልቬኒያ ነው። ለብዙ ዓመት ትልልቆቹ ቡድኖች ለሁለት ተከታታይ ምሽት የሚገናኙበት አሮጌ ስታዲየም አለ። ጣሪያ የለውም። ሉካስ ኦይል ውስጥ ድምፁ ከጣሪያው ጋር እየተላተመ ይመለሳል፤ እዚያ ግን ንጹሑን ትሰሚያለሽ። ትኬት ስትገዢ ከአንዱ የ40 ያርድ መስመር እስከ ማዶው የ40 ያርድ መስመር መካከል፣ ከፍ ያለውን ውሰጂ። ታች ብትቀመጪ የልጆቹን ፊት ታያለሽ፤ ግን ቅርጹ አይታይሽም፤ ድምፁም የሚመጣልሽ ከቅርብ ካለው ልጅ ብቻ ነው። የጆሮ መሸፈኛ ያዥ፤ በተለይ ሎት ላይ ከበሮዎቹ አጠገብ ልትቆሚ ከሆነ።

ሰልፍ ካማረሽ ብሪስቶል፣ ሮድ አይላንድ የጁላይ 4 በዓልን ከ1785 ጀምሮ ታከብራለች፤ ድራም ኮሮችም እዚያ ይሰለፋሉ። ግን ያን ያህል ከመሄድሽ በፊት አፍንጫሽ ሥር ያለውን እይ። የአሜሪካ ማሪን ኮር የራሱ ድራም ኤንድ ቡግል ኮር አለው፤ «ዘ ኮማንዳንትስ ኦውን» ይባላል፤ ከ1934 ጀምሮ ያለ ነው። ሰመር ላይ ማክሰኞ ማክሰኞ አርሊንግተን በሚገኘው የኢዎ ጂማ ሐውልት ሥር ይሰለፋል። በነፃ ነው። ዓርብ ማታ ደግሞ ዋሽንግተን በሚገኘው የማሪኖቹ ሰፈር ውስጥ ያቀርባል፤ ለዚያ አስቀድሞ መመዝገብ ይሻላል። ወታደሮች ናቸው፤ አይወዳደሩም፤ እርምጃቸውና ድምፃቸው ግን ለማመን ያስቸግራል። ማክሰኞ ከሥራ ስትወጪ በጊዜ ሂጂ። ሣሩ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ምንጣፍ ያዥ፤ ልጆችም ካሉሽ ይዘሻቸው ሂጂ። ሥነ ሥርዓቱ ሲጀመር በሜዳው መሃል ትይዩ ሁኚ እንጂ ጥግ አትያዥ።